አምስት ሳምንት፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ

«ውድ አዘጋጆች፣ ስፓኒሽ ልማር ብዬ ግራናዳ ከመጣሁ አምስት ሳምንት ሆነኝ። የከፈልኩት ለ12 ሳምንት ነው። ማስታወቂያው ‹በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ፣ በክፍል ቢበዛ 8 ተማሪ፣ ኑሮ ከስፔናዊ ቤተሰብ ጋር› ይል ነበር። እኛ ክፍል ውስጥ 13 ነን። በኢንተርኔት ተፈትኜ ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) ደርሰሻል ተባልኩ፤ መምህሯ ስትናገር ግን ግማሹ ያመልጠኛል። የማርፍበት ቤት ሌሎች ሁለት የውጭ ተማሪዎች አሉ፣ ከእነሱ ጋር ከጠዋት እስከ ማታ እንግሊዝኛ ነው። የቤቱ እመቤት ደግ ሴት ናቸው፣ ግን ማታ ማታ ቴሌቪዥን ላይ ነው የሚያፈጡት። ካፌ ገብቼ በስፓኒሽ ሳዝ በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። መንገድ ላይ ሰዉ ቃላቱን እየዋጠ ስለሚያወራ ምንም አይገባኝም። አቋርጬ ልመለስ? ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ? ወይስ አንድ ወር ጨምሬ ልቆይ? ቪዛዬ የ90 ቀን ነው። ዴሌ ለሚባለው የስፓኒሽ ችሎታ ፈተና ልመዝገብ ብዬም ነበር፤ አሁን ይቅርብኝ እላለሁ።
የከፋት፣ ከግራናዳ»

እህታችን፣ በሒሳብ እንጀምር። አንድ ክፍለ ጊዜ 50 ደቂቃ ነው እንበል። መምህሯ ስታስረዳ፣ ስታነብና ስትጽፍ ግማሹ ይሄዳል፤ 25 ደቂቃ ይቀራል። ያ ለ13 ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በቀን አራት ክፍለ ጊዜ ካለሽ ስምንት ደቂቃ ገደማ ደረሰሽ ማለት ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአምስት ሳምንት፦ 200 ደቂቃ። ሦስት ሰዓት ከሃያ። መምህሯ ሁለት ሁለት አድርጋ የምታነጋግራችሁ ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ኋላ ተቀምጠሽ ዝም የምትዪ ከሆነ ዝቅ ይላል። ከክፍል ውጭ እንግሊዝኛ ነው ብለሻል። እንግዲህ አፍሽ አልፈታ ቢል ምን ይገርማል?

ይህንኑ ሒሳብ ቃል በተገባልሽ በ8 ተማሪ ብንሠራው አምስት ሰዓት ከሩብ አይሞላም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ቃሉን ማጠፉ እውነት ነው፣ ቅሬታሽም ልክ ነው፤ ግን ቃሉን ቢያከብርም ዛሬ አቀላጥፈሽ አትናገሪም ነበር። ቅሬታውን እናቅርብ፤ የቀሩትን ሰባት ሳምንታት ግን ቅሬታው እስኪፈታ አንጠብቅ።

በቅድሚያ ወረቀቶችሽን አውጪ። የምዝገባ ማረጋገጫው፣ ደረሰኙና ማስታወቂያው ላይ ሦስት ነገር ፈልጊ። አንደኛ፣ ስለ ተማሪ ቁጥር «ማክሲሞ» ነው የሚለው ወይስ «ሜዲያ»? የመጀመሪያው ቢበዛ ማለት ነው፤ ሁለተኛው በአማካይ ማለት ስለሆነ ዛሬ 13 ብትሆኑም በሌላ ወር 4 ነበሩ ብለው ማምለጫ ያገኙበታል። ሁለተኛ፣ ክፍለ ጊዜው ስንት ደቂቃ ነው? 20 ክፍለ ጊዜ ሁሌ 20 ሰዓት አይደለም፦ በ45 ደቂቃ ሲሰላ 15 ሰዓት ነው፣ በ50 ደቂቃ 16 ሰዓት ከ40። ሦስተኛ፣ በዓል የዋለበት ቀን ይካካሳል ወይ? ብዙ ትምህርት ቤቶች አያካክሱም፣ ይህንም በትናንሽ ፊደል ጽፈውታል። በመኸር የመጣሽ ከሆነ ጥቅምት 12፣ ኅዳር 1፣ ታኅሣሥ 6 እና 8 በእነሱ አቆጣጠር የስፔን ብሔራዊ በዓላት ናቸው። ጥር 2 ደግሞ የግራናዳ የራሷ በዓል ነው።

ገንዘቡን የተቀበለው ማን እንደሆነም ደረሰኙ ላይ እዪ። በወኪል በኩል ከከፈልሽ ውልሽ ከወኪሉ ጋር ሊሆን ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ «እኛን አይመለከተንም» ሲልሽ ቀን ከምታጠፊ ለሁለቱም በአንድ ቀን ጻፊ።

ከዚያ ከትምህርት ክፍል ኃላፊው፣ እነሱ ኼፌ ዴ ኤስቱዲዮስ ከሚሉት ሰው ጋር ተነጋገሪ። ቀኑ ለውጥ አለው። አብዛኞቹ የቋንቋ ትምህርት ቤቶች ሰኞ ሰኞ አዲስ ተማሪ ይቀበላሉ፣ ምድቡም የሚደለደለው ሐሙስና ዓርብ ነው። ማክሰኞ የሄደ ሰው «የሚቀጥለው ሳምንት እናያለን» ተብሎ ይሸኛል፤ ሐሙስ ጠዋት የሄደ ግን ስሙ በዝርዝሩ ላይ ገና ሊዛወር ይችላል። ትምህርቱ ወደ ፊት አልሄድ ያለሽም ከዚሁ የተነሳ ይመስለናል፦ በየሰኞው ሁለት ሦስት አዲስ ፊት ሲገባ መምህሯ ያለፈውን ትደግማለች፣ ከአንድ ወር በላይ የሚቆየው ተማሪ ያንኑ ምዕራፍ ሦስቴ ይሰማል። የረጅም ጊዜ ተማሪዎች የተሰበሰቡበት ምድብ ካለ እዚያ ግቢ።

ስለ ደረጃው፣ በእኛ አስተያየት ወደ ኤ2 ውረጂ። በኢንተርኔት የሚሰጠው ፈተና ከአራት ምርጫ ትክክለኛውን መለየት መቻልሽን ይለካል፤ መናገርና መስማትን አይለካም። መጽሐፍ ያነበበ ሰው እንዲህ ባለ ፈተና ከአፉ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ይገኛል። መለኪያው ይህ ይሁን፦ መምህሯ አንድ ሥራ አዝዛችሁ ስትጨርስ ምን እንዳዘዘች በራስሽ አባባል መልሰሽ መንገር ትችያለሽ? ከአምስቱ ሦስቱን ካልቻልሽ ቦታሽ አይደለም። ሰው በሞላበት ቢ1 ከመደናገር፣ ሰባት ሰው ባለበት ኤ2 ማውራት ይሻላል። በምስክር ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ፊደል የሚያሳስብሽ ከሆነ፣ ቀጣሪም ሆነ ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀው የፈተና ውጤት እንጂ የግል ትምህርት ቤት ወረቀት እንዳልሆነ እወቂ።

ከኃላፊው ጋር የተነጋገርሽውን በዚያው ቀን በኢሜይል ጻፊው። ከአምስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፦ ምን ቃል ተገባልኝ፣ ከመቼ ጀምሮ ምን አገኘሁ (በየቀኑ ክፍሉ ውስጥ ስንት ተማሪ እንደነበር ቀንና ቁጥር)፣ ምን እንዲደረግልኝ እፈልጋለሁ፣ እስከ መቼ። ጥያቄሽን ገንዘብ ብቻ ካደረግሽው ነገሩ ይጓተታል። ገንዘብ መመለስ ለእነሱ ከባድ ነው፣ መምህር መመደብ ግን ቀላል ነው። ላለፉት አምስት ሳምንታት ማካካሻ ይህን ያህል የግል ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ለአንድ፣ ብለሽ ጠይቂ። በሒሳባችን አንድ ሰዓት የግል ትምህርት፣ ግማሹን አንቺ ብታወሪ፣ በአሁኑ ክፍልሽ ወደ አራት ቀን የሚጠጋ ንግግር ነው።

በጽሑፍ ጠይቀሽ ካልመለሱልሽ «ኦኻስ ዴ ሬክላማሲዮኔስ» አምጡልኝ በዪ። የቅሬታ ቅጽ ነው። ለሕዝብ አገልግሎት የሚሸጥ ድርጅት ቅጹን ማዘጋጀትና መኖሩን የሚገልጽ ማስታወቂያ መለጠፍ ግዴታው ነው፤ ለመሙላት ፓስፖርትሽ ይበቃል። ግራናዳ የምትገኝበት የአንዳሉሲያ ክልል ደንብ ድርጅቱ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲመልስ ያዛል። መልስ ካልመጣ ወይም ካላረካሽ ቅጂሽን ከማስረጃዎቹ ጋር ወደ ኦሚክ ውሰጂ፤ ኦሚክ የማዘጋጃ ቤቱ የሸማቾች ቢሮ ነው፣ አገልግሎቱም ነፃ ነው። ግን ተስፋሽን አታብዢ፦ ቢሮው ያስማማል እንጂ ፍርድ አይሰጥም፣ ነገሩም ወራት ይፈጃል። ቅጹ ዋና ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ስሙ ሲጠራ ብቻ ሰኞ አልተገኘም የተባለው ቦታ ዓርብ ይገኛል። ስለዚህ በትህትናና በመጨረሻ ጥሪው።

አቋርጠሽ መመለስን አንመክርም። ከጀመሩ በኋላ ለሚያቋርጥ ተማሪ የቀረውን ክፍያ የሚመልስ ትምህርት ቤት እምብዛም የለም፤ አቋራጩ አንቺ ከሆንሽ ደግሞ ቅሬታሽም ይዳከማል። አንድ ወር መጨመርም በዚህ ቪዛ አይሆንም። 12 ሳምንት 84 ቀን ነው፤ የገባሽበትም የምትወጪበትም ቀን ይቆጠራል፣ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት የደረስሽባቸው ቀናትም እንዲሁ። ስለዚህ በእጅሽ ያለው ትርፍ አምስት ወይም ስድስት ቀን ነው፣ ምናልባትም ያነሰ። የሸንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ «ትምህርቴን ልጨርስ» በሚል ምክንያት አይራዘምም፤ ለከባድ ሕመምና ለመሳሰለው ችግር ነው የሚራዘመው። አሁኑኑ ካላንደር ላይ ቁጠሪው።

«ምንም አይገባኝም» ስላልሽው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዲፕሎማቶቹን ስፓኒሽ ሲያስተምር ለሥራ የሚበቃ ደረጃ ላይ ለመድረስ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ይመድባል፤ ያውም በጠባብ ክፍል፣ ከየቀኑ የቤት ሥራ ጋር። የአንቺ 12 ሳምንት አንድም ሳይጎድል 200 ሰዓት ነው፣ በ45 ደቂቃ ከተቆጠረ 180። «በሦስት ወር እንደ ስፔናዊ» የሚል ማስታወቂያ አይተሽ ከነበር ያን ከሐሳብሽ አውጪው። ከኤ2 ወደ ቢ1 የሚደረገው ጉዞ ለሁሉም ሰው አዝጋሚ ነው፦ መጀመሪያ ላይ አንድ ግስ ስትማሪ በር ይከፈትልሻል፤ በኋላ ግን ሃያ ግስ ተምረሽም ልዩነቱ አይታይሽም።

የመንገዱ ስፓኒሽ የማይገባሽ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው፦ የመጽሐፉ ድምፅ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ነው፣ ግራናዳ ግን አንዳሉሲያ ናት። አንዳሉሲያዊ በቃል መጨረሻ ያለውን «ስ» ይጥለዋል ወይም ወደ ትንፋሽ ይለውጠዋል። «ሎስ ኒኞስ» (ልጆቹ) የተማርሽው መንገድ ላይ «ሎ ኒኞ» ይሆናል። በግራናዳና በምሥራቁ አንዳሉሲያ የብዙ ቁጥሩ ምልክት የመጨረሻው አናባቢ ከፈት ማለቱ ነው፤ አፉን ከወትሮው ሰፋ አድርጎ «ኦ» ካለ ልጆቹ ብዙ ናቸው። «ካንሳዶ» (የደከመው) «ካንሳኦ»፣ «ፓራ» (ለ) «ፓ»፣ «ማስ ኦ ሜኖስ» (ይብዛም ይነስ) «ማ ኦ ሜኖ» ይሆናል። ቃል አይውጡም፤ ሕግ ጠብቀው ነው የሚያሳጥሩት፤ ሕጉን ያወቀ ጆሮ በሁለት ሦስት ሳምንት ይከፈታል። የክልሉን ጣቢያ ካናል ሱርን አዳምጪ። ሦስት ደቂቃ ብቻ ቅንጭብ ምረጪና አራት ጊዜ ስሚው፦ አንዴ ዝም ብለሽ፣ አንዴ የገባሽን እየጻፍሽ፣ አንዴ ያልያዝሻቸው ቦታዎች ላይ እያቆምሽ፣ በመጨረሻ ከተናጋሪው ጋር አብረሽ በአፍሽ እየተከተልሽ። በቀን 25 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ሰዓት ፊልም ተጋድሞ ከማየት ይህ ይሻላል።

አሁን በደብዳቤሽ ውስጥ ወዳልጠየቅሽን፣ እኛ ግን ዋና ወደምንለው ጉዳይ እንምጣ። ስፓኒሽን እየተማርሽው ያለሽው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። ከቤት ጓደኞችሽ ጋር እንግሊዝኛ፣ የመጽሐፉ ማብራሪያ እንግሊዝኛ፣ በልብሽ የምትተረጉሚውም ከእንግሊዝኛ። ብዙ ቦታ ላይ አማርኛሽ የተሻለ ድልድይ ነው፣ አንቺ ግን ረስተሽዋል።

«ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» የሚለውን ውሰጂ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «እኔ እወዳለሁ» ከሚለው ተነስቶ ይህን ለመገልበጥ ሳምንታት ይለፋል። አንቺ ግን ከልጅነትሽ «ቡና ደስ ይለኛል» ትዪያለሽ። ባለቤቱ ቡናው ነው፣ አንቺ ተቀባይ ነሽ፤ ብርቱካኖቹ ሲሆኑ «ደስ ይሉኛል» እንደሚባለው ሁሉ «ሜ ጉስታን» ይሆናል። «ሜ ዱዌሌ» ማለትም ያው «ያመኛል» ነው።

«ኮሚ» እና «ኮሚያ» መቼ መቼ እንደሚባሉ ክፍሉ ሁሉ ግራ ሲገባው አይተሽ ይሆናል። የመጀመሪያው «በላሁ»፣ ሁለተኛው «እበላ ነበር» ነው። «ኤ ኮሚዶ» ደግሞ «በልቻለሁ»። ስፔን ውስጥ ለትናንት «በላሁ»ን፣ ገና ላላለቀው ለዛሬ «በልቻለሁ»ን ነው የሚጠቀሙት፤ አማርኛሽ ሦስቱንም ይለያቸዋል፣ እንግሊዝኛ ግን «በላሁ»ንም «እበላ ነበር»ንም ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ይጠቀልላቸዋል። ሱብኹንቲቦ የሚባለው፣ የቢ1 ማስፈራሪያ የሆነው የግስ ቅርጽስ? «ኪዬሮ ቤኒር» መምጣት እፈልጋለሁ፤ «ኪዬሮ ኬ ቤንጋስ» እንድትመጪ እፈልጋለሁ። ፈላጊውና መጪው አንድ ሲሆኑ «መ» ብለሽ፣ ሲለያዩ «እንድ» ብለሽ የምትቀይሪበት ቦታ ላይ ስፓኒሽም ይቀይራል። የሱብኹንቲቦ ቦታ ሁሉ በዚህ አያልቅም፤ «ስትመጪ» ብለሽ ስለ ወደፊት ስትናገሪም ይመጣል፣ ጥርጣሬና ስሜት ስትገልጪም ይመጣል። ግን ግማሹን በር በአንድ ቁልፍ ከፈትሽ።

«ለማሪያ ነገርኳት» ስትዪ «ማሪያ» ካልሽ በኋላ ግሱ ላይ ደግመሽ «ኣት» የምትጨምሪውን፣ እነሱም «ሌ ዲኼ አ ማሪያ» ብለው ሁለቴ ይጠቅሷታል። ደግሞም «ዮ»ን ተዪው። «እኔ እፈልጋለሁ፣ እኔ አለኝ፣ እኔ እሄዳለሁ» እያልሽ እንደማታወሪ ሁሉ «ኪዬሮ» ብቻ ይበቃል፤ በየዓረፍተ ነገሩ «ዮ» የሚያስብልሽ እንግሊዝኛው ነው።

ድምፁም እንደዚሁ። የስፓኒሽ አናባቢ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ብቻ ነው፤ ግእዝና ሳድስ የሉትም። «ቤት» ለማለት «ካሳ» ነው፣ ሁለቱም ራብዕ፤ ቸኩለሽ «ከሳ» ካልሽ የሚሰማሽ ስፔናዊ ግር ይለዋል። «ፔሮ» ሲላላ «ግን»፣ ሲጠብቅ «ውሻ» ነው፤ በዓሉን ገናንና ጊዜውን ገናን ለሚለይ አፍ ይህ ምን ይከብደዋል? «በረረ» ስትዪ የምታጠብቂያትን መሃለኛዋን «ረ» እዚያ አስገቢ። የሚከብድሽ ሌላ ነገር ነው፦ በአንድ ቃል ውስጥ የትኛው ክፍለ ቃል በኃይል እንደሚነሳ። «አብሎ» የፊቱ ከተነሳ «እናገራለሁ»፣ የኋላው ከተነሳ «ተናገረ» ነው። ይህንና የዕቃዎችን ጾታ አማርኛ አያግዝሽም፤ ጠረጴዛ ለምን ሴት እንደሆነች መመራመሩን ትተሽ ስሙን ሁልጊዜ ከ«ላ» ወይም ከ«ኤል» ጋር አንድ ላይ ሸምድጂ።

ቤቱን በተመለከተ፣ ትምህርት ቤቱ አንቺን ከስፓኒሽ ሌላ የጋራ ቋንቋ የሌላችሁ ተማሪ ወዳለበት ወይም ብቻሽን ወደምትሆኚበት ቤተሰብ እንዲያዛውርሽ በዚያው ኢሜይል ውስጥ ጠይቂ። እስከዚያው ግን እመቤቲቱን በቴሌቪዥን ፊት አትጠብቂያቸው። ሰው ሶፋ ላይ ሆኖ አያወራም፣ እጁ ሥራ ላይ ሲሆን ያወራል። እራት ስፔን ውስጥ ከምሽቱ ሦስት እስከ አራት ሰዓት ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማዕድ ቤት ግቢና «ምን ልርዳዎ?» በዪ፦ «¿ኤን ኬ ሌ አዩዶ?»። ሽንኩርት እየከተፍሽ የሚነገርሽ ሁሉ በዓይንሽ ፊት ስለሚሠራ ባይገባሽም ይገባሻል። ከምሳ በኋላ ደግሞ ሶብሬሜሳ የሚሉት አለ፤ ሳህኑ ሳይነሳ ተቀምጦ ማውራት። ተማሪዎች በልተው ወደ ክፍላቸው የሚሮጡት ልክ በዚያ ሰዓት ነው። በየቀኑ አንድ ጥያቄ አዘጋጅተሽ ተቀመጪ፤ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ የማይመለስ፣ ለምሳሌ ይህ ሠፈር በልጅነትዎ ምን ይመስል ነበር የሚል፤ መልሱ ሁሉ በ«እበላ ነበር» ቅርጽ ነው የሚመጣልሽ። እመቤቲቱን «ኡስቴድ» በያቸው፣ እርስዎ ማለት ነው፤ «ቱ» በዪኝ ካሉሽ ወደ አንቺ ትወርጃለሽ። አብዛኞቹ ቶሎ ይላሉ። ከሁለቱ ተማሪዎች ጋር ደግሞ ጠብ ሳትፈጥሪ አንድ ደንብ አውጡ፦ ከገበታ ጀምሮ ዕቃ ታጥቦ እስኪያልቅ ስፓኒሽ ብቻ።

ካፌ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚመልሱልሽ ስለናቁሽ አይደለም፤ ወረፋው እንዲፈጥንላቸው ነው። ከፕላሳ ኑዌባና ከካቴድራሉ አካባቢ ራቂ፤ እዚያ አስተናጋጁ በቀን መቶ ቱሪስት ያያል። ሳይዲን ወይም ላ ቻና ሠፈር ሂጂ፣ ነዋሪው የሚበዛበት ነው። ሰዓቱም ከጠዋቱ አምስት ወይም ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ተኩል ይሁን፤ በምሳ ሰዓት ማንም አያናግርሽም። አንዴ በእንግሊዝኛ ከተመለሰልሽ አንቺ በስፓኒሽ ቀጥዪ፣ ካልሆነም «¿ሌ ኢምፖርታ ሲ አብላሞስ ኤን ኤስፓኞል? ኤስቶይ አፕሬንዲዬንዶ» (በስፓኒሽ ብናወራ ቅር ይልዎታል? እየተማርኩ ነው) በዪ። ግራናዳ ውስጥ መጠጥ ስታዢ፣ ለስላሳም ቢሆን፣ በብዙ ቡና ቤት ታፓ (ከመጠጥ ጋር የሚቀርብ ትንሽ ምግብ) ያለ ክፍያ ይመጣል፤ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ባንኮኒው ጋ ቁሚና ዛሬ ታፓው ምን እንደሆነ፣ በምን እንደተሠራ ጠይቂ። በሳን አጉስቲን ገበያም ወረፋ የሚያዘው በአፍ ነው፦ ስትደርሺ «¿ኪዬን ኤስ ኤል ኡልቲሞ?» (የመጨረሻው ማን ነው?) ብለሽ ትጠይቂያለሽ፣ ከአንቺ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ አንቺን ይጠይቃል። ሁለት ንግግር በነፃ።

ዋናውን ደቂቃ የምታገኚው ግን ከኢንተርካምቢዮ ነው፤ አንቺ ቋንቋ ታካፍያለሽ፣ ስፔናዊው ስፓኒሽ ያካፍልሻል። እንግሊዝኛሽ እዚህ ገንዘብ ሆነ። ግራናዳ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ስለሆነች ፈላጊው ሞልቷል። በቡድን የሚደረገውን ግን ለትውውቅ ብቻ ተጠቀሚበት፣ ሃያ ሰው የተሰበሰበበት ምሽት በመጨረሻ ወደ እንግሊዝኛ ይወርዳል። ከዚያ ሁለት ሰው ምረጪና ከእያንዳንዳቸው ጋር በሳምንት ሁለት ቋሚ ቀጠሮ ያዢ። ስልክሽ ላይ 30 ደቂቃ ሙዪ፣ መጀመሪያ ስፓኒሽ፤ በእንግሊዝኛ የተጀመረ ቀጠሮ ወደ ስፓኒሽ አይሻገርም። በየቃሉ እንዳያርሙሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፦ ሦስት ስህተት ብቻ ጽፈው በመጨረሻ ይስጡሽ። ከዚህ ሌላ ርዕሱ ስፓኒሽ ያልሆነ ነገር ውስጥ ግቢ፤ የሠፈር መዘምራን፣ የሸክላ ሥራ፣ የእግር ጉዞ ቡድን። የማዘጋጃ ቤቱ ሴንትሮ ሲቪኮዎች (የሠፈር ማዕከላት) ማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ ይለጥፋሉ። እዚያ ተማሪ መሆንሽን ረስተው ያወሩሻል።

ግቡን በቀን 60 ደቂቃ የራስሽ ንግግር አድርጊው። ሰባት ሳምንት 49 ቀን ነው፤ አንድ ሁለቱ በሕመምና በጉዞ ቢያልፉ እንኳ ከ45 ሰዓት በላይ ነው። እስካሁን ካለሽ ከሦስት ሰዓት ከሃያ ጋር አስተያዪው። ደቂቃውን ማታ ማታ ጻፊ፣ ሳትዋሺ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ «ይህ ሳምንት እንዴት ነበር?» ለሚለው አንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ በስልክሽ ቅጂ፤ የዛሬውን አሁኑኑ ቅጂው፣ ቢያሳፍርሽም አታጥፊው። የስምንተኛውን ሳምንት ስትሰሚ መጀመሪያ የምታስተውዪው ቃላትሽ መብዛታቸውን አይሆንም፣ ዝምታሽ ማጠሩን ነው።

ስለ ፈተናው። ዴሌ በተወሰኑ ቀናት ብቻ ይሰጣል፣ ምዝገባውም አስቀድሞ ይዘጋል፤ አንድ ደረጃ መርጠሽ ገብተሽ ማለፍ ወይም መውደቅ ነው፣ ካለፍሽ ግን ወረቀቱ ጊዜው አያልፍበትም። ለአንቺ ሲዬሌ የሚባለው ሌላው የስፓኒሽ ፈተና ይሻላል። በኮምፒውተር የሚሰጥ ነው፣ ቀኑን ራስሽ ትመርጫለሽ፣ ማለፍና መውደቅ የሚባል ነገር የለውም፤ በአራቱ ክፍሎች፣ በማንበብ፣ በመስማት፣ በመጻፍና በመናገር፣ እያንዳንዳቸው ከ250 ታርሞ ከ1000 ነጥብ የት እንደደረስሽ ይነግርሻል። ውጤቱ የሚያገለግለው ለአምስት ዓመት ነው። ለመናገሩ ክፍል ድምፅሽ በማይክሮፎን ስለሚቀዳ የዓርቡ ቅጂ ልምምድሽ እዚህ ይጠቅምሻል። ቀጠሮውን በ11ኛው ሳምንት አድርጊው፤ የ12ኛውን ሳምንት ለስንብት እራትና እመቤቲቱ ለሚያሳዩሽ የምግብ አሠራር ተዪው።